ጠገራ ብር፣ ሩፒና ፍራንክ፦ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ የምንዛሪ ታሪክ

በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አንድ የማርሴይ ወይም የለንደን ደንበኛ የሐረር ቡና ሲያዝ ዋጋውን የሚናገረው በፍራንክ ወይም በፓውንድ ነበር። ትእዛዙን የሚቀበለው የዓደን ንግድ ቤት መዝገቡን የሚይዘው በሕንድ ሩፒ ነው። ሐረር የተቀመጠው ወኪሉ ቡናውን የሚገዛው በጠገራ ብር ሲሆን፣ ከገበሬው እየለቀመ የሚያመጣለት ነጋዴ ደግሞ ከጠገራው ጋር መሐለቅ የተባለውን የሐረር ዝርዝር ገንዘብ፣ አቡጀዲ ወይም ጥይት እያደረገ ይከፍላል። ፍራንክና ፓውንድ ሁለቱም በወርቅ የታሰሩ ስለነበሩ እርስ በርሳቸው ብዙም አይናወጡም። ከዓደን ወዲህ ያለው ግን በየወቅቱ ሲወጣና ሲወርድ ይኖራል። ትእዛዙ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ ክፍያው እስኪገባ ወራት ያልፋሉ፤ በነዚያ ወራት ውስጥ ቡናው ሳይበላሽ፣ ግመሉም ሳይዘረፍ ነጋዴው ሊከስር ይችል ነበር።

በጥንት ዘመን አገሩ ለዚህ ጉዳይ የራሱ መላ ነበረው። አክሱም ከሦስተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ገንዘብ ስትቀርጽ የውጩንና የውስጡን ገበያ ለይታ ነበር። የወርቁ ገንዘብ ክብደት የሮማን ልክ የተከተለ፣ ጽሑፉም በግሪክኛ የተቀረጸ ነው፤ በአዱሊስ በኩል ለሚመጣው ባዕድ ነጋዴ የታሰበ እንደነበረ ከዚህ ይታወቃል። በአገር ውስጥ በሚዞሩት በብሩና በመዳቡ ላይ ግን ግዕዝ እየገባ ሄደ። አክሱማውያን አንድ ነገር በደንብ ገብቷቸዋል፦ የውጭ ደንበኛ የማያነበውንና የማይመዝነውን ገንዘብ አይቀበልም። በሰባተኛው መቶ ዓመት ቀረጻው ቆመ። ከዚያ ወዲያ ከሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ የደጋው ነገሥታት በስማቸው ገንዘብ አልቀረጹም።

ክፍተቱን በአገር ውስጥ የሞላው አሞሌ ነው። በአፋር ረባዳ ምድር ከአርሆ ሜዳ ተጠርቦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ የሚወጣው ይህ የጨው ጡብ ከመውጫው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ይህንኑ አስተውሎ ጽፏል። ስለዚህ የአሞሌ ምንዛሪ አንድ ሆኖ አያውቅም፤ ትግራይ ላይ ያለው ሒሳብ ጎጃም ሲደርስ ሌላ ነው። በክረምት ይሟሟል፣ በጭነት ይሸረፋል፣ ጠርዙ የተበላ አሞሌ ዋጋው ይቀንሳል። የሲራራ ነጋዴ ይህን ሁሉ አውቆት ያድራል። ለባሕር ማዶ ንግድ ግን አሞሌ አይሆንም፤ ምጽዋ የተቀመጠ የዐረብ ወይም የሕንድ ነጋዴ ጨው ተቀብሎ ምን ያደርግበታል? ወደቡ ላይ የሚያስኬደው በወቄት የሚመዘን ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ወይም ባሪያ ነበር፤ በምላሹም ጨርቅና የጦር መሣሪያ ይመጣል። ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ ገንዘብ እስኪመጣ ድረስ የውጭ ንግድ ዕቃ በዕቃ የሚለወጥበት ነበር ማለት ይቻላል።

የመጣው ገንዘብ የማንም የአካባቢው መንግሥት ሥራ አልነበረም። የሐብስበርግ ገዥ የነበረችው ማርያ ቴሬዛ በኅዳር 1780 ሞተች። መልኳን የያዘው ታለር (ጠገራ ብር የተባለው) ግን ከሞቷ በኋላም ያንኑ የ1780 ዓመት እንደያዘ መቀረጹን ቀጠለ፤ በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ተቀባይ የለመደውን መልክ ካላየ እጁን አይዘረጋም ነበርና። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ሲሆን ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ይህም በአንዱ ገንዘብ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ ማለት ነው። ወደ ቀይ ባሕር የመራው ቡና ነው። አውሮፓውያን የየመንን ቡና በብዛት ይፈልጉ ነበር፤ የየመን ነጋዴዎች ግን ከአውሮፓ ዕቃ እምብዛም የሚፈልጉት አልነበረምና ልዩነቱ በብር ይሞላል። ታለሩ ከትሪየስት ተነሥቶ በሌቫንትና በግብጽ በኩል ወደ ጅዳና ወደ ሞካ ይወርዳል፣ ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ ምጽዋና ዘይላ ይገባል። 19ኛው መቶ ዓመት ሲጋመስ ከምጽዋ እስከ ሸዋ ባሉት ታላላቅ ገበያዎች የትልቅ ንግድ ዋጋ የሚነገረው በዚሁ ጠገራ ነበር፤ ዝርዝሩ ደግሞ በአሞሌ።

ጠገራው ገንዘብ ቢሆንም እንደ ሸቀጥ ተመርምሮ ነበር የሚወሰደው። ተቀባዩ በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ የተደረደሩት ዕንቁዎች ዘጠኝ መሆናቸውን ይቆጥራል፣ የራሷን ጌጥ ያያል፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል። መልኩ የጠፋ ወይም ጠርዙ የተበላ ከሆነ ይመልሰዋል። አንድ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ መቶ ኪሎ የሚጫን በቅሎ ቢገኝ የሚሸከመው 3500 ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ወደ ገበያ ማድረስ ራሱን የቻለ ወጪ ነበረው፦ የበቅሎ ኪራይ፣ የጠባቂ ደመወዝ፣ በየኬላው የሚከፈል ቀረጥ። ነጋዴው ለገዛው ቡና የከፈለው ዋጋ ላይ ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው የዓደኑ ደብዳቤ የሚጻፈው።

ገንዘቡን የሚመርጠው ማን እንደሆነ በጉልህ የታየው በ1867 ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ጦር ሲያዘምት ወርቅ ፓውንድና የሕንድ ሩፒ በእጁ ነበረው። ከምጽዋ በስተደቡብ ከዙላ ወደብ እስከ መቅደላ ባለው መንገድ ላይ ገብስ፣ ጭድና በሬ የሚሸጠው ባላገር ግን ከጠገራ በስተቀር አላይም አለ። በዘመኑ ከዓለም መንግሥታት ሁሉ ባለጸጋ የነበረው መንግሥት ከቪየና ቀረጻ ቤት ማርያ ቴሬዛ ታለር በብዛት አስቀጥቅጦ በመርከብ አስመጣ። የዋጋ ገንዘብ የሚወሰነው በትልቁ ገዢ ፍላጎት ነው የሚል ሰው ይህን ዘመቻ ቢያይ ይበጀዋል፤ እዚህ የወሰነው ሻጩ፣ ያውም አንድ ቁና ገብስ ይዞ መንገድ ዳር የቆመው ነው።

የብረቱን ጭነት ለማምለጥ ወረቀት የሚሞክሩም ነበሩ። የዚህን መንገድ ጣጣ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ የፈረንሳዊው ገጣሚ የአርቱር ራምቦ ነው። ራምቦ ግጥሙን በወጣትነቱ ትቶ በ1880 መጨረሻ የዓደኑ የአልፍሬድ ባርዴይ ንግድ ቤት ወኪል ሆኖ ሐረር ገባ፤ ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር። በኋላ በራሱ ተቋቁሞ በ1887 ጠመንጃ ጭኖ እንጦጦ ድረስ ወጣና ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ሸጠ። ንጉሡ ጥሬ ገንዘብ በመስጠት ፈንታ ሐረር ላይ ከገዥው ከመኰንን የሚቀበለው የክፍያ ትእዛዝ ሰጡት። ሐረር ሲደርስ የተሰጠውም ምጽዋ ወርዶ የሚመነዝራቸው ሁለት የሐዋላ ወረቀቶች ነበሩ፤ ድምራቸው 7500 ታለር። ለማስመንዘር ባሕር ተሻግሮ ምጽዋ ቢወርድ ፓስፖርት ስላልያዘ ተያዘ። ነገሩ ተጣርቶለት ካይሮ ሲገባ ሀብቱ ከ16 ሺህ ፍራንክ የሚበልጥ ወርቅ ሆኖ በወገቡ ላይ ነበር፤ ክብደቱ 8 ኪሎ ያህል እንደሆነና ሆዱን እንዳሳመመው ለሚያውቃቸው ጻፈ። በሚዛን ቢታይ 16 ሺህ ፍራንክ ወርቅ 5 ኪሎ ከጥቂት ነው፤ በሙቀት ታጥቆት ለሚዞር ሰው ግን ሦስቱን ኪሎ መጨመሩ አይፈረድበትም። ጠመንጃው ጠገራ፣ ጠገራው ወረቀት፣ ወረቀቱ ወርቅ እስኪሆን ከሸዋ ካይሮ አስኬደው።

እስከ 1870ዎቹ መጀመሪያ የምንዛሪው ችግር በአብዛኛው የመንገድና የመጓጓዣ ችግር ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ መጣ። ጀርመን ገንዘቧን ወደ ወርቅ አዞረች፣ ሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት የብር ቀረጻቸውን ገደቡ፣ በአሜሪካ ምዕራብ አዳዲስ የብር ማዕድን ተከፈተ። በለንደን ገበያ በ1872 ለአንድ አውንስ 60 ፔንስ ያህል ይከፈል የነበረው ብር በ1902 ወደ 24 ፔንስ ወረደ። ይህን ወደ ጠገራ ሒሳብ ሲያመጡት በውስጡ ያለው ብር 49 ፔንስ ያህል ከሚያወጣበት ወደ 19 ተኩል ፔንስ ዝቅ አለ ማለት ነው። ጠገራው በሐረር ገበያ ያው ጠገራ ነው፤ ዘጠኙ ዕንቁ አልጎደለበትም። ባሕሩን ሲሻገር ግን የነበረውን አቅም ከግማሽ በላይ አጥቷል።

ይህ መውደቅ ሁሉንም እኩል አልጎዳም። ቡናና ቆዳ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ የሚሸጠው በወርቅ፣ የሚገዛው በብር ነውና ያው አንድ መቶ ፍራንክ ከዓመት ዓመት የበለጠ ጠገራ ይሰጠዋል። ለገበሬው የሚከፍለው ዋጋ የሚያድገው በዝግታ ስለሆነ መሐሉ ላይ ያለው ትርፍ የርሱ ነው። አቡጀዲ የሚያስመጣው ግን ተቃራኒው ደረሰበት። የአሜሪካ የጥጥ ጨርቅ በዶላር ተገዝቶ፣ በዓደን ሩፒ ተዘርዝሮ፣ አገር ቤት በጠገራ የሚሸጥ ስለነበር ከዓመት ዓመት ዋጋውን መጨመር ነበረበት፤ ደንበኛውም ያንጎራጉራል። በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል ጄኔራል የነበረው ሮበርት ስኪነር በ1903 አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ አሜሪካ ለኢትዮጵያ የምትሸጠው ዋናው ዕቃ ይኸው ጨርቅ፣ የምትገዛው ደግሞ ቆዳና ቡና ነበር። ሁለቱ መንግሥታት የተገበያዩት ከዚያ በፊትም ቢሆን በሌሎች ሰዎች እጅና በሌሎች ሰዎች ገንዘብ ነው።

ከሁሉ የከበደው ለውጥ የደረሰው ከሕንድ በኩል ነው። ዓደን የምትተዳደረው ከቦምቤይ ስለነበር ገንዘቧ ሩፒ ነበር። ሩፒ 10.7 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ስለነበረው አንድ ጠገራ በብር ሒሳብ 2.2 ሩፒ ገደማ ነበር፤ ብር ቢወድቅም ሁለቱ አብረው ይወድቃሉ፣ የዓደንና የሐረር መዝገብም ይስማማል። በሰኔ 1893 የሕንድ መንግሥት ቀረጻ ቤቶቹን ለብር ዘጋ፤ አስርቱ ዓመት ሳያልቅ ሩፒ በ16 ፔንስ ላይ ቆመ። ጠገራ ከብር ጋር መውረዱን ቀጠለ። በ1902 የብር ዋጋ ሒሳቡን ቢሠሩት አንድ ጠገራ የሚያወጣው 1.22 ሩፒ ብቻ ነው። በዓደንና በሐረር መካከል፣ በአንድ ባሕር ማዶና ማዶ፣ ምንም ያህል አይለያዩም የተባሉ ሁለት የብር ገንዘቦች በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ተለያዩ። ከዓደን ነጋዴ በሩፒ ተበድሮ ጠገራ የሰበሰበ ሁሉ ዕዳው በእጁ ላይ አደገበት።

በዚህ ላይ ወቅት አለ። ቡናው በሚሰበሰብበት በጋ የጠገራ ፍላጎት ይበረታል፤ ላኪዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ስለሚሹ ጠገራው በውስጡ ካለው ብር በላይ ይሸጣል። ክረምት ገብቶ መንገድ ሲዘጋ ይረክሳል። በምዕራብ ግን ወቅቱ ይገለበጣል። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በጋምቤላ በኩል ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር፤ ባሮ ወንዝ መርከብ የሚችለው ሲሞላ ብቻ ስለሆነ የጭነቱ ጊዜ ክረምት ነው፣ የሒሳቡም ገንዘብ በሱዳን የሚሠራው የግብጽ ፓውንድ። አንድ አገር ውስጥ ሁለት የምንዛሪ ወቅትና ሁለት የውጭ ገንዘብ ተፈጠረ።

ነጋዴዎች ለዚህ ሁሉ የፈለሰፉት ጥሩው መላ ከምንዛሪ በተቻለ መጠን መሸሽ ነበር። ሁለቱን ንግድ አብሮ የያዘ፣ ጨርቅ አስመጥቶ ቡናና ቆዳ የሚልክ ቤት፣ በጨርቁ የሰበሰበውን ጠገራ እዚያው ቡና ይገዛበታል፤ ጠገራው ባሕር ሳይሻገር፣ ሩፒውም ሳይዘረዘር ዓመቱ ይዘጋል። በሐረር ጀምሮ አዲስ አበባ የገባው የሕንዶቹ የመሐመድአሊ ድርጅትና ሌሎች የሕንድ፣ የግሪክና የአርመን ቤቶች የበረቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስላል። አንዱን ብቻ የሚነግድ ሰው ምንዛሪውን ከነሱ መግዛት ነበረበት፤ እነርሱም በወቅቱ ዋጋ ሳይሆን በፈለጉት ዋጋ ይሸጡለታል።

አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ያወጡት በዚህ መሐል ነው። በ1893 አዋጅ ታወጀ፣ በ1894 በፓሪስ የተቀረጸው ብር መምጣት ጀመረ። በአንድ ገጽ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው ዘውድ የደፋ አንበሳ አለበት። ክብደቱና የብሩ መጠን ከማርያ ቴሬዛ ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ነበር፤ ብልህ ውሳኔ ነው፣ የምንዛሪ ሒሳቡን አይነካምና። ሆኖም የአዲስ አበባና የሐረር ገበያ ቢቀበለውም ባላገሩ አሮጊቷን አልተውም አለ። የበለጠ የጠቀመው ዝርዝሩ ነው። ግርሽ የሚባለው ትንሽ ብር አሞሌንና ጥይትን ቀስ በቀስ ከከተማ ገበያ አስወጣ፤ ዘመናዊ ጠመንጃ የበዛባት አገር ጥይትን እንደ ሳንቲም መጠቀሟ ለውጭ ሰው የሚያስገርም ቢመስልም፣ ጥይት በየትም ቦታ ዋጋው የታወቀ፣ የማይበላሽና ለሁሉም የሚፈለግ ነበር።

ከአፄ ምኒልክ ገንዘብ በከፋ ሁኔታ የወደቀው የኢጣሊያ ሙከራ ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በኤርትራ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ ይዞ የወጣው ታለር በአምስት ሊራ ልክ የተቀረጸ ነበርና ከሊራ ጋር ለማያያዝ ያሰበው ሰው ተስፋው ትልቅ ሳይሆን አልቀረም። ገበያው አልወደደውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኦስትሪያ ጠላት ስለሆነች ታለር መምጣቱ ሲቋረጥ፣ ኢጣሊያ በ1918 ማርያ ቴሬዛን በሩቁ የሚመስል ሌላ ታለር ሞከረች። ብሩ ጥሩ ነበር፣ ሴቲቱም ሴት ናት፤ ግን ያቺ አይደለችም። ይህም ቀረ።

ከዚህ ቀደም ብሎ ባንክ ገብቷል። በ1905 ለግብጽ ብሔራዊ ባንክ በተሰጠ የ50 ዓመት ውል የአቢሲኒያ ባንክ ተቋቋመ፤ በየካቲት 1906 አፄ ምኒልክ መረቁት። ብቻውን ገንዘብ የማውጣትና የማስቀረጽ መብት ነበረው። በ1915 ያወጣው የወረቀት ገንዘብ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ነጋዴዎች እጅ ብዙም አልራቀም፤ ገበሬ ዘንድ የሚቀርብ አልነበረም። ለውጭ ንግድ ግን ባንኩ ያመጣው ለውጥ እውነተኛ ነው። ላኪው በለንደን ወይም በካይሮ የሚከፈል ሰነዱን ለባንኩ ይሸጣል፣ ጠገራውን እዚሁ ይቀበላል፤ አስመጪውም ጠገራውን ሰጥቶ ፓውንድ ይገዛል። በሐረር፣ በድሬዳዋና በጎሬ ቅርንጫፍ ስለነበረው ገንዘብ በበቅሎ ማጓጓዝም ቀነሰ። የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ መድረሱ ደግሞ ትእዛዝ ከመጣበት እስከ ክፍያው ያለውን ጊዜ ከወራት ወደ ሳምንታት አሳጠረው፤ ጊዜው ሲያጥር የምንዛሪው ጉዳት የመድረስ ዕድሉም ያጥራል። የባንኩ የምንዛሪ ዋጋ ውድ ነው የሚል ቅሬታ ከነጋዴው አልጠፋም፤ ተወዳዳሪ በሌለበት ይህ አይገርምም።

ባንክ ቢኖርም የብር ዋጋ አልተገራም። ጦርነቱ ብርን አስወደደ፤ በየካቲት 1920 ለንደን ላይ አንድ አውንስ 89 ተኩል ፔንስ ደረሰ። በዚያ ሒሳብ በጠገራ ውስጥ ያለው ብር 73 ፔንስ ያህል ነው፤ በ1902 ከነበረው ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ። ለሠላሳ ዓመት በብር መውደቅ የተጠቀመው ላኪ አሁን በውድ ጠገራ ቡና ገዝቶ በዚያው ዓመት ዋጋው ለወደቀ የዓለም ገበያ ማቅረብ ነበረበት። ከዚያ እንደገና ቁልቁል። በ1931 መጀመሪያ ብር 12 ፔንስ ሆነ፣ ጠገራም 10 ፔንስ። በዚያው ዓመት መንግሥት የአቢሲኒያ ባንክን ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ አደረገው፣ መቶኛ የተባለ የመዳብና የኒኬል ዝርዝርም ወጣ። ትልቁ ገንዘብ ግን አሁንም ጠገራ ነበር፤ የአንድ ሉዓላዊ አገር የወጪና የገቢ ንግድ ዋጋ የሚወሰነው ለንደን ላይ በሚነገር የማዕድን ዋጋ ነበር።

ኢጣሊያ ይህን በሚገባ ተምራ ነበር። በ1935 ለወረራው ስትዘጋጅ የራሷን ታለር ከመሞከር ይልቅ የማርያ ቴሬዛን የቀረጻ መብት ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም ማስቀጥቀጥ ጀመረች። በዚህ ንግዳቸው የተነካባቸው ሌሎች መንግሥታትም ዝም አላሉም፤ ፓሪስ በዚያው ዓመት፣ ለንደን በ1936፣ ብራስልስ በ1937፣ ቦምቤይ በ1940 ያንኑ 1780 ዓመት እየቀረጹ ያወጡ ጀመር። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ሐሰተኛ ነው የሚባል ግን የሌለበት ገንዘብ ሆነ። በወረራው ዘመን ሊራ ብቸኛ ሕጋዊ ገንዘብ እንዲሆን ታወጀ። ባላገሩ ግን ወረቀቱን ሳይወድ ተቀብሎ ጠገራውን ቀበረ።

በ1941 አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር በጎጃም በኩል ሲገቡ በግመል የተጫነው ገንዘብ እንደገና ጠገራ ነበር። አዲስ አበባ ነፃ ስትወጣ ገበያው ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የግብጽ ፓውንድ፣ የሕንድ ሩፒ፣ ሊራና ጠገራ አብረው ይዞሩ ነበር። ለአጭር ጊዜ የአዲስ አበባ ነጋዴ ከሐረሩ የ1890ዎቹ ነጋዴ የባሰ ግራ ተጋባ፤ ያኛው ቢያንስ ገንዘቦቹ ከእጁ ውጭ በየወደቡ ተለያይተው ይጠብቁት ነበር፣ ይኸኛው አምስቱንም ከአንድ መሳቢያ ያወጣል።

መፍትሔው በሐምሌ 1945 መጣ፤ የተመረጠው ቀንም የአፄ ኃይለ ሥላሴ የልደት ቀን ነው። በ1942 የተቋቋመው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በአሜሪካዊው ገዥ በጆርጅ ብላወርስ እየተመራ አዲስ የወረቀት ብር አወጣ። ወረቀትን ባላገሩ ስንት ጊዜ እንደመለሰ የታወቀ ስለሆነ የ50 ሳንቲሙ ዝርዝር ከብር እንዲቀረጽ ተደረገ። ለዚህ አሜሪካ ከ5 ሚሊዮን አውንስ በላይ ብር አበደረች፣ ሳንቲሞቹም ፊላደልፊያ ተቀረጹ። ሁለት የብር ሳንቲም ለአንድ ወረቀት የሚሰጥ ባንክ መኖሩን ገበያው ሲያይ ወረቀቱ መሄድ ጀመረ። ከዚህ በፊት የወጡት የወረቀት ገንዘቦች ሁሉ የወደቁት የብሩን ጥያቄ ሳይመልሱ ስለነበር ይህ ከአዋጁ ይልቅ የሠራ ይመስላል። ጠገራው ከሕጋዊ ገንዘብነት ወጣ፤ በየሩቁ አውራጃ ግን ለዓመታት ሲሠራ ቆየ፣ የቀረውም ለብር አንጥረኛ ሄደ።

ለውጭ ንግዱ የበለጠ ከባድ የሆነው የአዲሱ ብር ዋጋ በወርቅ መወሰኑ ነው። ኢትዮጵያ በብሬተን ውድስ ጉባኤ ተካፍላ በ1945 መጨረሻ የዓለም የገንዘብ ድርጅት መሥራች አባል ሆነች፤ ብሩም ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 2.48 ሆኖ ተተከለ። የብር ማዕድን ዋጋ ከዚህ በኋላ ለቡና ላኪው አያገባውም። በሒሳቡ ፋንታ የመጣው ፈቃድ ነው፦ ላኪው ያገኘውን ዶላር በተተከለው ዋጋ ለባንክ ያስረክባል፣ አስመጪው ከባንክ ጠይቆ ይገዛል፣ በሁለቱ መካከል የባሕር ማዶ ደንበኛውና ሻጩ የሚተማመኑበት የባንክ የክፍያ ሰነድ ይቆማል። ዋጋው በ1964 ወደ 2.50 ተሻሽሎ፣ ዶላሩ ራሱ ሲረክስ በ1971 ወደ 2.30፣ በ1973 ወደ 2.07 መጣ። በዚህ በመጨረሻው ቁጥር ላይ፣ መንግሥት ተለውጦ ብሔራዊው ገንዘብ በአዲስ መልክ ከታተመ በኋላም ሳይቀር፣ እስከ ጥቅምት 1992 ቆይቶ ያን ጊዜ ወደ 5 ብር ተለወጠ።